ሁለት ቁልፍ በሁለት ምስማር

በራፌ ላይ ለእግር መጥረጊያ ያነጠፍኩት ጆንያ ሰሞኑን ዝናብ መታውና ሸተተኝ። የረጠበ ጆንያ ሽታን የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ገመድ ገመድ፣ አቧራ አቧራ፣ ከሥር ደግሞ እህል እህል ይላል። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ እኔን ግን የድሮው እህል መጋዘን ውስጥ ይመልሰኛል። ላነሳው ጎንበስ ስል ልጄ ብርዛፍ ከውስጥ ሆና፣ «አባዬ፣ ተዉት እንጂ፤ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል» አለችኝ። እሷ ምን ታውቃለች ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለምዶብኛል።

እኔ ጽሕፈት የማውቅ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ቆጥሬም አልጨረስኩት። ስለዚህ ነገሩን ሳላሽሞነሙን ልናገር። ብርዛፍ ከአብራኬ የወጣች ልጅ አይደለችም። ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነግረናታል፤ እኔም፣ ባለቤቴም ነፍሷን ይማርና። እናቷ በዚያ በክፉው ዘመን በእህል መጋዘኑ ግቢ፣ ወረፋ ላይ እንዳለች እንደሞተች ታውቃለች። አታውቅም ብዬ የኖርኩት አንድ ነገር ነው፤ ያን ዕለት የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንደነበረ። በእኔ እጅ ነበር። ይህን ነግሬ ልጄን ከማጣት፣ ሳልነግራት ብሞት ይሻላል እያልኩ ዕድሜዬን ጨረስኩ።

ያን ጊዜ ሰቆጣ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ሚኒባሱ የሚቆምበት፣ ረዳቱ «አምደወርቅ! አምደወርቅ!» እያለ የሚጮህበት ማዕዘን ያን ጊዜ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቅ ተደርድሮበት ነበር። አቡጀዲ በክንድ ይለካል፣ ጨው በጣሳ፣ ላምባ በጠርሙስ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ስኳር ሲጠፋ በዐሥራ አምስት፣ ያውም መራራው። እኔ ካኪ ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ነበረኝ። ኮንጎዋ ፀሐይ ሲመታት ትለሰልስና እግር ላይ ትጣበቃለች፤ ቢሆንም ባለ ጫማ ነበርኩ። ከሱቆቹ በአንዱ ደጃፍ ሬዲዮ ነበረች። ባለቤቱ ባትሪው እንዳያልቅበት አንድ ዘፈን ካሰማን በኋላ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋታል። እኛም ያችን አንዷን ዘፈን እያንጎራጎርን እንውላለን፤ ያልሰማነውን ግጥም ከራሳችን እንጨምርበታለን። ዛሬ ብርዛፍ በስልኳ የጠየቅኳትን ዘፈን ሁሉ ታሰማኛለች። ሁሉንም ስሰማ አንዱም አይጣፍጠኝም።

ሰይድ ከእነዚያ ነጋዴዎች ቤት የወጣ ነበር። ጓደኛዬ ነበር። አማርኛውንም የአገሬውን ኽምጥኛም ትግርኛውንም አቀላጥፎ ይናገራል፤ እጅ ጽሕፈቱ የተዋበ፤ ፌዘኛ። ድርቁ ጠንቶ እህል መጥቶ መጋዘን ከተከፈተ ጥቂት ቆይቶ እኔና እሱ ንብረት ጠባቂ ሆነን ገባን። እኔ የሰቆጣ ዙሪያን ሰው፣ እሱ ከሩቅ የሚመጣውን የፃግብጂን ሰው እናስተናግዳለን። እኔን ያስገባኝ ጉልበቴና ግትርነቴ ነው እንጂ ትምህርቴ አይደለም። ተሸካሚዎቹ «ውጪ ጆንያ ውጪ፣ ከሆድ አትበልጪ» እያሉ ሲያወጡ እኔም አብሬ እሸከም ነበር። ሰይድ ታዲያ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ፈንታው፣ ፊደል ሳትጨርስ መጋዘን ተረከብክ፤ ብትጨርስማ አገር ያስረክቡህ ነበር» ይለኛል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ግን ውስጤ ገብቶ ይቀመጥ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ቁልፍ የእህሉ ክፍል ነው። ሌላው፣ መዝገቡና ማኅተሙ የተቀመጡበት የብረት ሣጥን ቁልፍ ነው። የተቀባዩ ስም ሳይጻፍና ማኅተም ሳያርፍበት እህል አይወጣም፤ እህሉ ተመዝኖ ፊት ለፊት ሳይቆም ደግሞ መዝገቡ አይገለጥም። ስለዚህ አንድ ሰው ለማስተናገድ ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ሰው እጅ መግባት አለባቸው። ከእኛ በፊት የነበሩት ቁልፉን ሲዋዋሱ እህል ጠፍቶ ስለነበር እኛን አስማሉን፤ እኔን በወንጌል፣ ሰይድን በቁርአን። «የያዝኩትን ቁልፍ ሥራዬን ሳልጨርስ ለማንም ከእጄ አላወጣም» አልን። በእኛ አገር መሐላ ቀልድ አይደለም። ማለ የተባለ ሰው አጥንቱ ይሰበራል እንጂ ቃሉ አይሰበርም።

ቁልፎቹ መጀመሪያ በግቢው ላይኛው በር፣ ዘበኛው ቤት፣ ጎን ለጎን በሁለት ምስማር ይሰቀሉ ነበር። ቀድሞ የመጣው ሁለቱንም አንስቶ ይሠራል፤ ሲጨርስ ይሰቅላል፤ ሌላው ያነሳል። ኋላ የዘበኛው ቤት ጣሪያ አፈሰሰ። ያን ዓመት ለእህል ያልበቃች ካፊያ ለጣሪያ ግን በቃች። የሣጥኑ ቁልፍ በሚያፈሰው በኩል ስለነበር እንዳይዝግ ተብሎ ወደ ታችኛው በር፣ ወደ ጸሐፊው ክፍል ተዛወረ፤ የመጋዘኑ እዚያው ላይኛው በር ላይ ቀረ። ማንም ምንም አላለም። ብዙ ቀንም ደህና ተሠራ፤ አንዳችን ስለምንቀድም።

ብርዛፍ የኮምፒውተር ሰው ነች። አዲስ አበባ ስትሠራ ኖራ፣ እኔ ብቻዬን ስቀር ጊዜ ወደ ሰቆጣ ተመለሰች፤ መብራትና ኔትወርክ ሲኖር ሥራዋን ከዚሁ ትሠራለች። በዚህ ክረምት ግን አንድ ነገር ያዛት። ጠዋት የቀረበላትን ቁርስ ከሰዓት ዝንብ ሲወረው አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አሁንም አልሄድ አለሽ?»

«ቆመ አባዬ። ደግሞ ቆመ።»

«ተበላሸ?»

«ቢበላሽ ደግ ነበር። አልተበላሸም። እየጠበቀ ነው።»

«ማንን?»

«ራሱን።»

አልገባኝም። እሷም የልጅ ጠባይዋ አልለቀቃትም፤ ያልገባኝን ሳታስረዳኝ አትተኛም። ከሳህኑ የሽምብራ ቆሎ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «አንድ ትልቅ ማሽን አለ ይበሉ። ውስጡ ብዙ ማሽኖች አሉ፤ ግን ቆርቆሮና ሽቦ የላቸውም፤ ትልቁ ነው እንደ ማሽን የሚያኖራቸው። ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። እያንዳንዱ ብቻውን ያለ ይመስለዋል።»

«ተከራይ በይኛ።»

«ተከራይ። ግን አከራዩንም ጎረቤቱንም አይቶ የማያውቅ ተከራይ።»

«እንዲህ ያለ ተከራይማ የታደለ ነው» አልኳት። ሳቀች። ያን ሰሞን የሳቀችው እሱኑ ነው።

ከዚያ ችግሯን ነገረችኝ። ትልቁ ማሽን ውስጥ ሁለት ሥራ አንድን ነገር ባንዴ እንዳይነካው ሎክ የሚሉት አለ፤ የሚነካው ይይዘዋል፣ ሲጨርስ ይለቀዋል። አንደኛው ሥራ ተከራዩን ያስነሳል፣ ያስቆማል። ሁለተኛው ለተከራዩ ማኅደረ ትውስታ ያካፍላል። ሁለቱም ያንኑ ሁለት ሎክ ይፈልጋሉ። «አንደኛው የማሽኑን ሎክ ይዞ የማኅደረ ትውስታውን ይጠብቃል» አለች፣ አንዷን ሽምብራ በቀኝ እጇ ይዛ። «ሁለተኛው የማኅደረ ትውስታውን ይዞ የማሽኑን ይጠብቃል» አለች፣ ሌላዋን በግራዋ። «ይዘው ይተያያሉ። አንዱም አይለቅም። ሺህ ጊዜ ስሞክረው ይሠራል። እኩል የገቡ ዕለት ግን እነሱ ብቻ አይደሉም የሚቆሙት፤ ውስጥ ያሉት ተከራዮች በሙሉ ምንም ሳያውቁ ይቆማሉ።»

«ጥፋተኛው የትኛው ነው?» አልኳት። እንዴት እንደጠየቅኳት እንጃ።

«እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ሁለቱም ትክክል ናቸው አባዬ። ለየብቻ ሲነበቡ አንድ ስሕተት የለባቸውም።»

ተነስቼ ወጣሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህ ቃል የእኔ ነው፤ ለራሴ ስለው የኖርኩት።

እናቷ የሞተች ዕለት የመጋዘኑ ሹማምንት ለስብሰባ አምደወርቅ ሄደው ነበር። እኔ በላይኛው በር ገባሁና የመጋዘኑን ቁልፍ ከምስማሩ አነሳሁ። ሰይድ በዚያችው ቅጽበት በታችኛው በር ገብቶ የሣጥኑን አንስቷል። መሐል ግቢ ላይ ተገናኘን።

«ፈንታው፣ ያን ቁልፍ አምጣው። የእኔ ሰዎች ከሩቅ ነው የመጡት» አለ።

«አንተ አምጣ። የእኔ ሰዎች ከጎረቤት ነው የመጡት?»

«እኔ ምያለሁ።»

«እኔስ በድንጋይ ነው የማልኩት?»

ሰው ሳቀ። አጥንቱ የወጣ ሰው፣ ጥርሱ ብቻ የቀረ ሰው፣ በእኛ ነገር ሳቀ። እኔ መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሰይድ ሄዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊት ነን። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሳቁ ልመና ሆነ። «አያ ፈንታው፣ ኧረ ተላቀቁ» አሉኝ። «እሱን በሉት» አልኩ። እሱም በበኩሉ፣ «እሱን በሉት» ይላል፤ ይሰማኛል። እናቴ ልትሆን የምትችል አሮጊት በምርኩዟ ተደግፋ መጥታ፣ «ልጄ፣ እግዜር መሐላህን ይፍታልህ፤ አስቀምጠው» አለችኝ። «መሐላ የሚፈታው ቄስ ነው፤ አንቺ ነሽ?» አልኳት። አንቺ ብዬ። ይህን የተናገረው ይኸው አፌ ነው።

ከሰይድ ወረፋ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋ መልኩ ጠፍቷል። ስታየኝ ዋለች፤ ፊቴን አይደለም፣ እጄን፤ ቁልፉን። ጠዋት ላይ ከሰይድ ጋር በኽምጥኛ ስትነጋገር አይቻለሁ። ኋላ ለእኔም አንድ ነገር አለችኝ። ኽምጥኛዬ ያን ያህል ስላልሆነ አልያዝኩትም፤ ለመያዝም አልጣርኩም።

እውነቱን ልናገር። መሐላው ግማሹ ነው፤ ግማሹ እልህ ነው። ሰይድ ያፌዘብኝ ሁሉ፣ ሰው የሳቀብኝ ሁሉ፣ ያን ዕለት በእጄ ቁልፍ ሆኖ ገብቶልኝ ነበር። ፊደል ያልጨረሰውን ሰው ሲለምነው ማየት ፈለግሁ። ቁልፉን መሬት ላይ ባስቀምጠውና ዞር ብል ምን ነበረበት? ለማንም አልሰጠሁም ማለት እችል ነበር። እሱም ይችል ነበር። እንደዚያ ብልህ የነበረ ሰው!

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወደ ጎኗ ዘነበለች። የተኛች መሰለን። ሕፃኗ ስታለቅስ ያች አሮጊት ልታባብል ሄደች፤ ሄዳም አልተመለሰችም፤ እዚያው ቁጭ ብላ የሴትዮዋን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችው። ያን ጊዜ እኔና ሰይድ ባንዴ ተነሳን። ባንዴ ቁልፋችንን ወደ መሐል ግቢ ጣልን። ሁለቱ ቁልፎች ጠዋት በተገናኘንበት ቦታ አጠገብ ላጠገብ ወድቀው ቀሩ፤ ማንም ሊያነሳቸው አልፈለገም።

ሹማምንቱ ሲመለሱ ሰደቡን፤ ከዚያ ጣሪያው ከማያፈስበት በኩል አንድ ምስማር መቱ። የሣጥኑን ቁልፍ ወደ ላይኛው በር መልሰው ከመጋዘኑ ቁልፍ አጠገብ ሰቀሉት። የመጋዘኑን በቅድሚያ ያላነሳ የሣጥኑን እንዳይነካ አሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ መጋዘኑ አንድ ቀንም አልቆመም። አንድ ምስማር ነበር የጎደለው።

የሴትዮዋ ስም የሚጻፍበት መዝገብ ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ሳይጻፍ ቀረ። ስሟን አላወቅሁም። ሕፃኗን ወደ ቤቴ ወሰድኳት፤ ባለቤቴ አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ ተቀበለችኝ። ከሰይድ ጋር ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነጋገርንም። እሱ መጥቶ ይቅር በለኝ እስኪል እጠብቃለሁ፤ እሱም የእኔን ይጠብቃል። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንዳችን ማዶውን እንይዛለን። በአንድ ከተማ ይህን ሁሉ ዘመን! አምና ሞተ። ቀብሩን ከዳገት ላይ ቆሜ አየሁት። ማሽን ሲቆም ያጠፉታል፣ መልሰው ያስነሱታል። ሰይድን ማን ያስነሳልኛል?

ሽምብራውን በደረደረች ማግስት ብርዛፍ አጠገብ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሽምብራዎቹ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። «ቅደም ተከተል አበጂላቸው» አልኳት። «የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የማሽኑን፣ ቀጥሎ የማኅደረ ትውስታውን ይያዝ። የመጀመሪያውን ያልያዘ ሁለተኛውን አይንካ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እሱን አደረግሁት አባዬ። ግን ማኅደረ ትውስታ የሚያካፍለው ሥራ ሌላ ሰው ከጻፈው ኮድ ነው የሚመጣብኝ። ሁለተኛውን ሎክ አስቀድሞ ይዞ ነው የሚደርሰው። ባዶ እጅህን ና ልለው አልችልም።»

«ያስቀምጠዋ!»

«ምኑን?»

«የያዘውን። ያስቀምጥና ከመጀመሪያው ይጀምር።»

«ካስቀመጠው እኮ ሌላው ገብቶ ነገሩን ይለውጥበታል። ሲመለስ ቀድሞ ያየው ነገር ላይኖር ይችላል።»

«እንደገና ይየዋ! ጆንያው ቢጎድል እንደገና ይቁጠር። መቁጠር አይገድልም!» ጮኼ ኖሯል፤ ለካ ቆሜያለሁ።

ሽምብራዎቹን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረችና መጻፍ ጀመረች። ያንኑ አደረገች፤ ሁለተኛውን ሎክ ይዞ የመጣው እንዲለቅ፣ በተራው እንዲይዝ፣ ከያዘ በኋላ ቀድሞ ያየውን አምኖ እንዳይቀጥል፣ አዲስ አድርጎ እንዲያይ። ከዚያ ሁለቱን ሥራዎች ሆን ብላ እኩል እያስገባች ታጋጫቸው ጀመር። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። እኔም እንደ ሐኪም ቤት አስታማሚ በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ፣ «አልቆመም» አለች። ደስታ ግን በድምፅዋ አልነበረም። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ያሉኝን ነገር ከየት አመጡት?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ዝናቡን ሰበብ አድርጌ አልሰማሁም ማለት አማረኝ። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ስንት ክረምት አለኝ ብዬ ጀመርኩ። ከምስማሩ ጀመርኩ። መሐላውን፣ ፌዙን፣ አሮጊቷን፣ ነጠላዋን፣ ሁሉንም ነገርኳት። «ቁልፉ በእጄ ነበር ልጄ» አልኳት። «እስክትዘነብል ድረስ በእጄ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ዝናቡ ያሳሳተኝ መሰለኝ። «ምን አልሽ?»

«አውቃለሁ አባዬ። ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ስል አባባ ሰይድ ጠርተው ነገሩኝ። አንዱን ቁልፍ እኔ ይዤ ነበር ብለው አለቀሱ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ዝም አልሽኝ?»

«እርስዎ እስኪነግሩኝ ጠበቅሁ። እርስዎስ?»

«እስክትጠይቂኝ።»

አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም። ከጠረጴዛው ላይ ሁለቱን ሽምብራዎች አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠች። «አባባ ሰይድ የእናቴን ስም ነግረውኛል» አለች ኋላ። «ጠዋት ሲያነጋግሯት ጠይቀዋት ነበር። የሞተችበትን ቦታ ግን አላሳዩኝም። እዚያ ግቢ ዳግም አልረግጥም አሉ። ስሙን እኔ ይዣለሁ፣ ቦታውን አባትሽ ያሳይሽ አሉ።» ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። «ይነሱ። ያሳዩኝ።»

ዝናቡ ሲያባራ ወጣን። መጋዘኑ ዛሬ ሲሚንቶና ቆርቆሮ መሸጫ ነው። ግድግዳው ያው ግድግዳ፣ የብረት በሩም ያው፤ አረንጓዴ ተቀብቷል እንጂ። ባለሱቁ፣ «ምን ልታዘዝ አባቴ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ግድግዳው ሥር ሄጄ በምርኩዜ አሳየኋት። «እዚህ» አልኩ። «ጀርባዋን እዚህ አስደግፋ።»

ብርዛፍ ቦታው ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ በሩ፣ እኔ ያን ዕለት ወደ ተቀመጥኩበት፣ ቀጥ ብላ ተራመደች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ትቆጥራለች። ስትደርስ ዞራ እየቆጠረች ተመለሰች። «ዐሥራ አንድ» አለችኝ። «ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው አባዬ።» ጎንበስ ብላ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችና፣ «ሐረጉ» አለች። እኔም የእናቷን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ልደግመው ብል አፌ እምቢ አለኝ።

ስንመለስ እጄን ያዘችኝ አልልም፤ አልያዘችኝም። ዳገቱ ላይ ግን ትንፋሽ አጥሮኝ ስቆም ቆመች፤ ስራመድ ተራመደች።